ዳር ላይ የምታወፍር ሌንስ

ሌንስ ልገዛ ነው ብሎ የሚያማክረኝ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ካሜራው አይደለም። እናት አለህ ወይ ነው የምለው። ሰው ግር ይለዋል። ሰሞኑን ከወልቂጤ የመጣ አንድ ወጣት የሠርግ ፎቶ አንሺ ይህንኑ ብጠይቀው ወደ በሩ ሸሸት አለ። አልፈርድበትም። ፎቶ ቤት ገብታችሁ፣ መስታወቱ ውስጥ ያለችው ሌንስ ዓይናችሁ ገብታ፣ ይቺ ትሸጣለች ወይ ስትሉ ባለቤቱ ስለ እናታችሁ ቢጠይቃችሁ እናንተስ አትሸሹም? እኔ ብሆን መንገዱን ተሻግሬ ነበር።

ግን ያለ ምክንያት አልጠየቅኩትም። ወንበር ሰጥቼ ነገርኩት። ለእናንተም ልንገራችሁ።

ወልዴ እባላለሁ። ቡታጅራ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ፣ በጫማ ቤቱና በፋርማሲው መሀል ያለው ፎቶ ቤት የኔ ነው። ድሮ የኔና የከድር ነበር። ከድር ጓደኛዬም ሸሪኬም ነው። እሱ የመስቃን ሙስሊም፣ እኔ የሶዶ ክርስቲያን። ለፎቶ ቤት ከዚህ የተሻለ ሽርክና የለም። በመስቀል ከተማው ቤተሰቡን ሰብስቦ ፎቶ ሲነሳ እኔ በዓሌን አከብራለሁ፣ እሱ ይሠራል። በአረፋ ደግሞ ተራው የኔ ነው። ሲመሽ አንዳችን አንዳችን ቤት እንሄዳለን። ሥጋው ቢለያይም ቆጮውና አይቡ አንድ ነው።

ታዲያ የኛ አገር የበዓል ፎቶ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ለመስቀልና ለአረፋ ከአዲስ አበባ በሉት፣ ከሐዋሳ በሉት፣ የወጣው ሁሉ ነው የሚገባው። አንድ ቤተሰብ አንድ ሰልፍ ያህላል። በተራ ሌንስ ሁሉንም ለማስገባት ወደ ኋላ ታፈገፍጋላችሁ፣ ታፈገፍጋላችሁ፣ በመጨረሻ እንሰቱ ጓሮ ውስጥ ገብታችሁ በቅጠሎች መሀል ነው የምታነሱት። ከድር አንድ ጊዜ እያፈገፈገ ቦይ ውስጥ ገብቶ ካሜራውን ብቻ ከውኃው በላይ ይዞ ወጣ። ያን ዕለት ነው ዋይድ መግዛት አለብን ያልነው። ዋይድ የምንለው ሰፊውን ሌንስ ነው፤ ቅርብ ቆማችሁ ሁሉን የሚያስገባላችሁ።

ከአዲስ አበባ አሮጌ ገዛን። አስገባችልን፤ ግን አመል ነበረባት። መሀል ያለውን አሳንሳ ትተወዋለች፣ ዳር ያለውን ወደ ጎን ትለጥጠዋለች። ጥያ ወስደን ትክል ድንጋዮቹን ብናነሳባት ዳር ያሉት ወፍረው፣ ወደ መሀል ዘመም ብለው፣ ሐሜት የያዙ ሽማግሌዎች መስለው ወጡ። ፎቶውን ያዘዘን አስጎብኚ ድንጋዮቹን ማን ነው የነካቸው ብሎ ጮኸብን።

ሰው ላይ ስትሆን ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። አገና አንድ ሠርግ ላይ አንዲት የሙሽራው አክስት፣ ቀጭን ሴት፣ ዳር ቆመው ተነሡ። ፎቶው ሲደርሳቸው ጉንጫቸው ሞልቷል፣ ትከሻቸው ሰፍቷል፣ ምን የመሰሉ የደላቸው እመቤት ሆነዋል። ትልቅ አሳጥበው ሳሎን ሰቀሉት። ወሬው በሚኒባስ ቡታጅራ ገባ። ከዚያ ወዲያ የቤተሰብ ፎቶ ስናነሳ መሀል የሚቆም ጠፋ። ሁሉም ዳር ነው የሚፈልገው። ታላላቆችን መሀል ተቀመጡ ስንላቸው ምን በደልናችሁ ይሉናል። አንድ ቀን ሙሽራውና ሙሽሪት ሳይቀሩ አንዱ ወደዚህ፣ አንዷ ወደዚያ ሸሽተው መሀሉ ባዶ ሜዳ ሆኖ ቀረ። ከድር ከሳቁ የተነሳ ካሜራውን ለኔ ሰጥቶ ሄደ።

ለምን ብትሉ፣ በኛ ዘንድ ወፈርክ ማለት ደህና ነህ ማለት ነው። ከሳህ ማለት ደግሞ ምን ነካህ ማለት ነው። እናት ልጇን በር ላይ ስትቀበል መጀመሪያ የምታየው ጉንጩን ነው፤ ሻንጣውን በኋላ ነው። ይህን ያዙልኝ።

ከዚያ ከድር ሄደ። ኖርዌይ። እንዴት እንደሄደ ረጅም ነው፣ እንለፈው። ካሜራውን ይዞ ዋይዷን ለኔ ተወልኝ። ቤተሰብ የምታነሳው አንተ ነህ፣ እኔ ብቻዬን ነኝ፣ ምን ያደርግልኛል አለ። ሲሄድ ብዙ አልከፋኝም፤ የሚመለስ መስሎኝ ነበር።

እናቱ እማ ዘሃራ ከሱ ሌላ ልጅ የላቸውም። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ገበያ ላይ በርበሬ ይሸጣሉ፤ ቡታጅራ እሳቸውን የማያውቅ የለም። ከድር በረዶ ላይ ነው የምሠራው ብሎ የደወለላቸው ቀን ሮጠው እኔ ጋ መጡ። እሳቸው የሚያውቁት በረዶ ቆርቆሮ የሚደበድበውን፣ የእንሰት ቅጠል የሚሰነጣጥቀውን፣ የበርበሬ አበባ የሚያረግፈውን ነው። ታዲያ ጭንቅላቱን ምን ይሸፍንለታል አሉኝ። የዚያ አገር በረዶ ጥጥ ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው አልኳቸው። ሰዎች እግራቸው ላይ ሳንቃ አስረው ይንሸራተቱበታል፣ ስፖርት ነው። ልጆች ናቸው አሉኝ። አይ፣ ትልልቅ ሰዎች፣ ያውም ከፍለው አልኳቸው። ትክ ብለው አዩኝና ባረጅም አትቀልድብኝ አሉ።

ከድር አንድ ክረምት አካፋ ይዞ በረዶ ሲዝቅ ከረመ። ያን ጊዜ ቶሎ ቶሎ ይደውል ነበር። አለቃውን፣ አንዲት ደግ ሴት፣ ከዕረፍት ስትመለስ ወፍረሻል ብሏት ለብዙ ቀን እንዳኮረፈችው የነገረኝ ያኔ ነው። ምርቃት መስሎት ነው እኮ! ወልዴ፣ እዚህ አገር ሰው እንዲከሳ ይከፍላል አለኝ። ሳቅን። አሁን ሳስበው የመጨረሻ ሳቃችን ያ ነበር ማለት ይቻላል።

በሁለተኛው ክረምት እዚያው ተራራ ላይ የሚንሸራተቱትን ሰዎች ፎቶ እንዲያነሳ ተፈቀደለት። እንደገና ፎቶ አንሺ ሆንኩ ብሎ ነገረኝ። ቀጥሎም ለበረዶ ስፖርት የሚሆን ዋይድ ሌንስ ምረጥልኝ አለኝ።

እስቲ አስቡት። እኔ በረዶ የማውቀው ለስላሳ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው። ስኪ የሚባለውን ያን ሳንቃ ያየሁት ቴሌቪዥን ላይ ጣቢያ ስቀይር ነው። በቡታጅራ ፀሐይ፣ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተለጥፎ፣ የበረዶ ስፖርት ሌንስ መራጭ ሆንኩ። አላውቅም ማለት ደግሞ አልሆነልኝም። ስልኬ ላይ ማንበብ ጀመርኩ። ፓስፖርት ፎቶ ሊነሳ የመጣ ሰው ወንበር ላይ ተቃንቶ ይጠብቀኛል፣ እኔ ስለ በረዶ አነባለሁ።

ብዙ ነገር ተማርኩ። ተንሸራታቹን ከሩቅ ካነሳኸው ጉንዳን ነው የሚያክለው፤ ቀርበህ በዋይድ አንሳው፣ ተራራውም ሰማዩም ሰውየውም ይገባሉ። ስትቀርብ በረዶው ይረጭብሃል፤ ስለዚህ ሌንሱ ውኃ የማያስገባ ይሁን። ጓንት አድርገህ ነው የምትነካው፤ የሚዞረው ቀለበቱ ወፈር ይበል። ከብርዱ ወደ ሞቀ ቤት ስትገባ መስታወቱ ያልበዋል፤ ቦርሳው ውስጥ እንዳለ ቶሎ አታውጣው። በረዶ በራሱ ብርሃን ስለሆነ ጨለማ የሚችለው ከባዱ ሌንስ አያስፈልግህም፤ ተሸክመኸው ተራራውን የምትወጣው አንተ ነህ። አንዱን ነገር ግን ከማንም ሳላነብ ነገርኩት። ካሜራ ብዙ ነጭ ሲያይ ይደነግጣል፣ ያጠቁረዋል፣ በረዶህ ዓመድ ይሆናል። ነጭ የለበሰች ጠይም ሙሽራ ስናነሳ እንደምናደርገው ብርሃኑን ከፈት አድርገው አልኩት። ሞክሮ ደወለ። በረዶ ማለት ለካ ትልቅ ነጠላ ነው አለኝ። ኮራሁ።

በመጨረሻ ሁለት ሌንስ ቀረን። አንደኛው አዲስ፣ ጨዋ፣ ዳሩን የማይለጥጥ። ሁለተኛው የድሮ ስሪት፣ ልክ እንደኛዋ ዳር ዳሩን የሚጎትት። ይህ ምርጫ ነው? አንደኛውን ውሰድ አልኩት። ከድር ግን አንድ ጥያቄ ይደጋግማል። ዳሩን ምን ያህል ይጎትታል? አይጎትትም ስለው ወደ ሌላው ያልፋል። ሁለተኛውስ? እሱማ ሰውን በርሜል ያደርጋል አልኩት። እንደኛዋ? ከኛዋ ይብሳል። በማግስቱ ሁለተኛውን ገዛሁ አለኝ።

ተናደድኩ። ታዲያ እኔን ለምን ታደክመኛለህ? የስኪው ጫፍ ወደ ሌንሱ ሲጠጋ ይለጠጥና ከፎቶው ሊወጣ ይመስላል፣ ፈረንጆቹ ይወዱታል አለኝ። እውነቱን ነው፣ ይወዱታል፣ አንብቤያለሁ። ስለዚህ አመንኩት።

ፎቶዎቹ መምጣት ጀመሩ። ምን ዓይነት ፎቶ ነው! ተራራው ነጭ፣ ሰማዩ ጥልቅ ሰማያዊ፣ መሀል ላይ አንድ ሰው አየር ላይ ተንሳፍፎ። ዳር ላይ ደግሞ ራሱ ከድር፣ ካሜራውን አቁሞ ሮጦ ገብቶ፣ ስኪ በእጁ ይዞ ይስቃል። ጉንጩ ድፍን፣ ደረቱ ሰፊ። ከሥሩ ሁልጊዜ አንድ መልእክት አለ፤ ሳትነካው እጠበው፣ ለእማ ስጣት ይላል። ሳትነካው የምትለዋ ትንሽ አናደደችኝ። እኔ ነኝ ወይ የማበላሸው?

የመጀመሪያውን ፎቶ ለእማ ዘሃራ የሰጠኋቸው ገበያ መሀል፣ በርበሬያቸው አጠገብ ነው። ከድር ስልኬ ላይ መስመር ላይ ነበር፤ ስትቀበል ልስማ ብሎኝ። ፎቶውን ወደ ዓይናቸው አቀረቡት፣ አራቁት፣ እንደገና አቀረቡት። ጣታቸውን ዳር ላይ አሳረፉ። ስልኬን አየት አደረጉ። ከዚያ "ወፍሯል! አልሃምዱሊላህ፣ ልጄ ወፍሯል!" ብለው እልልታቸውን ለቀቁት። ጎረቤት ሻጮች ተቀበሏቸው። ስልኩ ውስጥ ከድር ሲስቅ ሰማሁት። ወይም ሳቅ መሰለኝ።

ሁሉም ፎቶ እንደዚያ ነበር። ሁልጊዜ ዳር። አንድ ቀን፣ እኔ አይደለሁ እንዴ ያስተማርኩህ፣ አንድ ቀን እንኳ መሀል ግባ እንጂ፣ ምንድን ነው ዳር ዳር የምትለው አልኩት። ዳር ዳር ማለት የሆዱን ለማይናገር ሰው የምንለው እንደሆነ ያን ሰዓት ትዝ አላለኝም። እሱ ግን ትዝ ብሎት መሰለኝ፣ ወሬ ለወጠ።

አረፋ ሲቃረብ እማ ዘሃራ የመጨረሻውን ፎቶ ትልቅ አድርገህ እጠብልኝ፣ ሳሎን እሰቅለዋለሁ አሉኝ። ኮምፒውተሩ ላይ ከፈትኩት። ከድር አጠገብ ያለ የእንጨት ቤት ዘምሞ አስጠላኝ። አትንካው ብሎኛል። ግን እኔ ባለሙያ ነኝ፣ የዘመመ ቤት ያንገበግበኛል። ሌንስ የለጠጠውን የሚመልስ ማስተካከያ አለ፤ ቤቱን ብቻ ላቃና ብዬ ገፋ አደረግኩት። ቤቱ ተቃና። የያዘው ስኪ ቀጠነ። ከድርም ቀጠነ።

መጀመሪያ ማሽኑ የተበላሸ መሰለኝ። መለስኩት፤ ከድር ወፈረ። ገፋሁት፤ ጉንጩ ገባ፣ አንገቱ ኮሌታው ውስጥ ሰጠመ። መለስኩት። ገፋሁት። ሰውየው ፊቴ ላይ ይከሳል፣ ይወፍራል፣ ይከሳል። በመጨረሻ ስኪው ልኩን እስኪይዝ ገፋሁና እጄን አነሳሁ። ስኪ ምን ያህል እንደሚሰፋ ያን ሁሉ አንብቤ አውቃለሁ። ስኪው ልክ ሲሆን የቀረው ከድር ቆዳና አጥንት ነበር። ሱቁን ዘጋሁ። ደንበኛ በሩን ያንኳኳል፣ እኔ ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቅሳለሁ።

ደወልኩለት። ሰላምታም ሳልሰጥ "ነካሁት" አልኩት። "ምን ያህል አከሳኸኝ?" አለኝ፣ ደግሞ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ያኔ ነገረኝ። ካንሰር ነው፣ ጨጓራው ላይ። ሌንስ ምረጥልኝ ሲለኝም ያውቅ ነበር። ሐኪሞቹ የሚችሉትን እያደረጉ ነው፣ ደህና ቀን ሲያገኝ ተራራው ላይ ይወጣል፣ ሳያገኝ ይተኛል። ለእናቴ እንዳትነግራት አለኝ። ያላት እኔ ነኝ፣ ልዳንና ራሴ እነግራታለሁ። ለበረዶው የሚሻለው አንተ የመረጥከው ነው፣ ጠፍቶኝ አይደለም። ለእማ ግን ይሄኛው ይሻላል አለኝ።

ምን ትሉታላችሁ? እሺ ብዬ ቃል ገባሁለት። ማስተካከያውን ወደ ነበረበት መለስኩና ፎቶውን ሳልነካው አጠብኩት፣ ትልቅ አድርጌ። እማ ዘሃራም ሰቀሉት።

በኛ አካባቢ አረፋ ሁለት ነው። በሬ የሚታረድበት የወንዶቹ ነው፤ ዋዜማው የሴቶቹ ነው፣ ጎመንና አይብ በቆጮ የሚበላበት። የሴቶች አረፋ ቀን ሴት ከቤቷ አትወጣም፣ እንግዳዋ ብዙ ነው። እማ ዘሃራ ግን በዚያው ቀን ረፋዱ ላይ አዲስ ቀሚስ ለብሰው፣ ሻሻቸውን አሳምረው ፎቶ ቤት መጡ። ለከድር የምትልክልኝ ፎቶ አንሳኝ አሉ። ቀሚሱ ሰፍቷቸው ነበር። ካየኋቸው ቆይቼ ኖሮ ነው መሰለኝ፣ ምን ያህል እንዳለቁ ያስተዋልኩት ያን ዕለት ነው። እህል አልወርድ ብሏቸዋል ይሉ ነበር ጎረቤቶቻቸው።

ወንበር መሀል አድርጌ ጥሩውን ሌንስ ገጠምኩ። በእጃቸው ከለከሉኝ።

"በዚህች አይደለም። በአገናዋ አንሳኝ።"

የአገናዋ የሚሏት አገና ሠርግ ላይ እኚያን አክስት ያወፈረችውን ዋይዳችንን ነው። አወጣኋት። እሳቸው ደግሞ ተነሥተው ወንበሩን ወደ ዳር ጎተቱት።

"እማ፣ ዳር ከሆኑ ታበላሽዎታለች" አልኩ። ወንበሩን ልመልስ እጄን ዘረጋሁ።

"ልጄን መቼ አበላሸችው?" አሉ። ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። "ወልዴ፣ ሰው ሲወፍር ጆሮው ይወፍራል እንዴ? የከድርን ጆሮ ያጠብኩት እኔ ነኝ። የመጀመሪያውን ፎቶ የሰጠኸኝ ዕለት ነው ያየሁት።"

እልልታውስ ታዲያ አልኳቸው። ስልክህ ክፍት ነበራ፣ ይሰማኛል ብዬ ነው አሉኝ።

ምን እንደያዘው አልጠየቁኝም። ቢጠይቁኝ መዋሸት አልችልም ነበር። ያን አውቀው ነው መሰለኝ ያልጠየቁኝ። ሻሻቸውን ከሁለቱም ወገን ወደ ታች ስበው ጆሯቸውን አጥብቀው ሸፈኑ። "እሱ አልሸፈነም፣ ሞኝ ነው" አሉና ካሜራውን አይተው ፈገግ አሉ። አነሳኋቸው።

ፎቶው አምሮ ወጣ። እማ ዘሃራ ዳር ላይ ሙሉ፣ ሰፊ፣ የጠገቡ። ለከድር ሳልነካው ላክሁት። ብዙ ቆይቶ ደወለልኝ። መጀመሪያ ነፋስ ብቻ ነው የሚሰማው። ከዚያ "እማ ወፍራለች" አለ። አዎ አልኩት። "ለምን ዳር ተቀመጠች?" አለኝ። እሷው መርጣ ነው አልኩት። ሌላ አልጠየቀኝም። እኔም ሌላ አልነገርኩትም፤ ለእማም አልነገርኳቸውም፣ ቃሌን አላፈረስኩም።

ቀጥሎ የላከው ፎቶ የመጨረሻው ነው። ተራራው ያው፣ ሰማዩ ያው። ከድር ዳር ላይ ቆሞ፣ ወፍራም የሱፍ ቆብ እስከ ቅንድቡ ድረስ አጥልቋል። ጆሮው አይታይም። ለእማ ዘሃራ ወስጄ ሰጠኋቸው። ብርዱ ጠንክሯል መሰለኝ አልኩ። ፎቶውን አዩት። "ጎበዝ" አሉ። ሳቁ። ሲስቁ እንባቸው በርበሬው ላይ ወረደ፣ በመዳፋቸው ጠረጉት፣ በዚያው እጅ ዓይናቸውን ነኩና ማልቀሻ ሰበብ አገኘሁ አሉኝ። የእውነት በርበሬ ነው ያስለቀሳቸው ብዬ ለጎረቤቶቻቸው እኔው አስረዳሁ።

ቀጣዩን አረፋ ከድር አላየም። እዚያው ቀበሩት። አስከሬን ይምጣ አይምጣ ተባለ፣ አልሆነም። ለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ እማ ዘሃራን ሲያጽናና፣ ደህና ነበር እኮ፣ ፎቶው ላይ እንዴት አምሮበት ነበር፣ ድንገት ነው እንዴ ይላቸዋል። አዎ፣ ድንገት ነው ይላሉ። እኔ ከጥግ ሆኜ እሰማለሁ።

ዕቃው ከአንድ የአገር ልጅ ጋር መጣ። ሌንሷን እማ ዘሃራ በሻሽ ጠቅልለው ይዘውልኝ መጡ። "ልጄን ያበላችልኝ ይቺ ናት?" አሉኝ። አዎ አልኳቸው። አገላብጠው አዩዋት፣ መስታወቷን በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉላት። ሌላ ሰው ሌንስ በቀሚስ ቢጠርግብኝ እጮሃለሁ። አንተ ጋ ትቀመጥ፣ እኔ ቤት ካለች አታስቀምጠኝም አሉ። የመስታወቱ ሳጥን ውስጥ ያለችው እሷ ናት። ይኸው አሁንም በገበያ ቀን ይመጣሉ፣ እሷን አየት ያደርጋሉ፣ ከዚያ እኔን ያዩና ከስተሃል ይሉኛል። እናቴ ከሞተች ወዲህ ከስተሃል ያለኝ ሰው አልነበረም። ደስ ይለኛል። ይከፋኛልም።

ይህን ሁሉ ለወልቂጤው ወጣት ነገርኩት። ጨዋ ነው፣ አላቋረጠኝም። ቆቡ ላይ ስደርስ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። ሲረጋጋ፣ እናቴማ አለች ጋሼ፣ ወልቂጤ ናት፣ ሁልጊዜ ከሳህ እያለች ታስቸግረኛለች አለኝ። አንጀቴን በላው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ልሰጠው ነበር። ያለ ዋጋ። ዕቃ መስታወት ውስጥ ተቀምጦ ምን ይሠራል? ሳጥኑን ከፍቼ ሰጠሁት። ካሜራው ላይ ገጠማት። መንገዱን አነሳ፣ በሩን አነሳ፣ እኔን ዳር አድርጎ አነሳ። ከዚያ ስክሪኑን ዓይኑን አጥብቦ አየ። የሙያ ነገር ሆኖበት ነው፤ እኔም ያን ቀን በዘመመ ቤት እንዲሁ ነበርኩ።

"ጋሼ፣ ዳሩን በጣም ትጎትታለች እኮ" አለኝ። "ግን ችግር የለም፣ ኮምፒውተር ያስተካክለዋል።"

ሌንሷን ከካሜራው ላይ ቀስ ብዬ ፈታሁና ወደ ቦታዋ መለስኳት።

"አውቃለሁ" አልኩት። "ለዚህ እኮ ነው የማልሰጥህ።"